ቀይ ጨርቅ ያልታሰረበት ጥግ

ሰፈሩ በሙሉ ዳክዬ ይላታል። ስም አጥታ አይደለም፤ ሰው ያወጣላት ስም እናት አባቷ ካወጡላት ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ደብዳቤ አዳዩ እንኳ «የዳክዬ ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አጠር ወፈር ያለች ናት፣ ስትራመድ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፣ ውሃ ውስጥ ከገባች ደግሞ ጎትተው ካላወጧት አትወጣም። እንግዲህ ስሙን ያወጣው ሰው ብዙም አልተጨነቀም ማለት ነው።

ሐይቁን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስምንት ዓመቷ ሳለ እናቷ ልብስ ስታጥብ የብር ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ውሃ ውስጥ ገባ። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል፤ ቀለበቱ ግን እታች አሸዋው ላይ ተቀምጦ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ገባችና ይዛው ወጣች። እናቷ መጀመሪያ በጥፊ አለቻት፣ ከዚያ አቅፋ ሳመቻት። ያ ቀለበት ዛሬም ጣቷ ላይ አለ። ሐይቁ አንድ ጊዜ እንደዚያ ጥሩ እንደነበር የሚመሰክርላት ሌላ ነገር የላትም።

ከዚያ የቆዳ ፋብሪካው መጣ። ሰው ሥራ አገኘ፣ ሐይቁ ጤና አጣ። ባሏ እዚያ ቆዳ ነካሪ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ቤት ይመጣ ነበር፣ ሲሞትም ያ ቀለም አልለቀቀውም። አንዲት ሴት ልጅ ጥሎላት ሄደ። ሐይቁ ደግሞ ዓመት በመጣ ቁጥር ባሰበት። ሙቀት ሲሆን አረንጓዴ ልጋግ ይለብሳል፣ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል፣ ሽታው መስኮት ያስዘጋል። አንድ ቀን ባለቤቶቹ ፋብሪካውን ዘግተው ሄዱ። ግንቡ ቀረ፣ ዘበኛው ቀረ፣ ሽታው ቀረ።

ከአራት ዓመት በፊት ሐይቁን የሚያክም ቢሮ ተከፈተ ሲባል ሰው ሳቀ። «መርፌውን የት ሊወጉት ነው?» ይባል ነበር። ከቢሮው የመጣው ባለሙያ መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ከጀልባ ሳይወርድ፣ በረጅም ቱቦ ከሐይቁ ወለል ጭቃ አወጣ፣ በጣቱ ፈተገ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ዳር ላይ የቆሙት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ጭቃ ሹም ሆነ። እሱም በስሙ ተቆጥቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ሳይወደው አልቀረም።

«የታመመው ውሃው አይደለም» ብሎ አስተማራቸው ሥራ ሲቀጥራቸው። «ጭቃው ነው። ሠላሳ ዓመት የወረደለትን ቆሻሻ ሁሉ ውጦ ተኝቷል፤ ሙቀት በመጣ ቁጥር ወደ ላይ ይተፋዋል። ላዩን ብናጣራው ነገ ይመለሳል።»

ስለዚህ ከታች ተጀመረ። ወንዶቹ ከጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ሆነው ነጭ የሸክላ ዱቄት በውሃ እየበጠበጡ ይረጫሉ። ዱቄቱ ቀስ ብሎ ይወርድና ጭቃውን እንደ አንሶላ ይሸፍነዋል፣ የሚተፋውንም ያፍነዋል። ከዚያ የሴቶቹ ተራ ይመጣል። እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ይገቡና ጥብጣብ ሣር ይተክላሉ፤ እንዲህ የተባለው ቅጠሉ እንደ ፀጉር ጥብጣብ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው። ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ቅጠሉ ለውሃው አየር ይሰጣል፣ አረንጓዴው ልጋግ የሚመገበውንም ቀድሞ ይመገብበታል። አተካከሉ፣ የችግኙን ሥር በአንድ ጭብጥ ሸክላ መጠቅለልና ጫፉ መንታ በሆነ ረጅም ዘንግ ወደ ጭቃው መጫን ነው። መጫኑስ ቀላል ነው፤ ጉዱ ዘንጉን ማውጣቱ ላይ ነው። የሌሎቹ ሴቶች ችግኝ ዘንጉን ተከትሎ ብቅ ይላል። ዳክዬ ግን ዘንጉን ሩብ ዙር ታዞርና ትንፋሿን ይዛ ቀስ አድርጋ ትስባለች። ችግኟ ንቅንቅ አይልም።

«እጇ ለምለም ነው» ተባለላት። ይህን ቃል እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ሃያ ዓመት ሙሉ «የዚያ የሟቹ ሚስት» ስትባል ለኖረች ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ የመጣ ምስጋና ነው።

ታዲያ አንድ ደንብ ነበር። እያንዳንዷ ሴት በቀርከሃ ችካል የተከለሉ መደቦች አሏት፤ ሣሩ የሞተበት መደብ ችካሉ ላይ ራሷ ቀይ ጨርቅ ታስርበታለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጭቃ ሹም በጀልባ እየዞረ ይቆጥራል። ቀይ ያየበት ቦታ ቆሞ ጭቃ ያወጣል፣ ይመረምራል፣ እንደገና ያክማል። አሥር ቆጠራ ያለ ቀይ ጨርቅ ያለፈ ጥግ ግን ድኗል ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል።

«ቀይ ማሰር ነውር አይደለም» ይላቸው ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሣሩ ምስክሬ ነው፤ አደራ፣ ምስክሬን እንዳታባብሉብኝ።»

ለእሱ ማለት ቀላል ነው። ሴቶቹ ግን ጨርቁን ምላስ ብለው ሰየሙት። ጠዋት አንዷ መደብ ላይ ቀይ ሲውለበለብ ካዩ «እሰይ፣ ዛሬ ደግሞ መደብሽ ምላሱን አወጣብሽ!» ይባባላሉ፤ የተባለችው ሴት ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ትውላለች። ዳክዬ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ምላስ ወጥቶባት አያውቅም። ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገር ነበር። ዳቦ ስትገዛ ሁሉ ትናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ታበዛው ነበር።

በአራተኛው ዓመት የግንቡ ጥግ ደረሳት። ከፋብሪካው ግንብ ሥር ያለች፣ ነፋስ የማያገኛት ቦታ ናት፤ አሥራ ሁለት መደብ ትወጣለች። ሌሎቹ ሴቶች የቦታዋ ዝምታ ደስ ስላላላቸው «ለዳክዬ ስጧት፣ እጇ ያውቅበታል» ብለው ገለል አሉ። ነጩ ዱቄት ተረጨ፣ እሷም ተከለች፣ የመጀመሪያው ማክሰኞ በሰላም አለፈ። በሚቀጥለው ሰኞ ስትገባ ግን ሣሩ በሙሉ ተኝቶ ጠበቃት። አንዱን ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ትግል እጇ ላይ መጣ። ሥሩ ጥቁር ነው፤ እንደ በሰበሰ ሳይሆን እንደ ተቃጠለ። ሽታውም የጭቃ ሽታ አይደለም፣ የመድኃኒት ነው።

ውሃው ውስጥ እንደቆመች ነገ ማክሰኞ መሆኑን አሰበች። አሥራ ሁለት ምላስ በአንድ ቀን! «ቸኩዬ ነው የተከልኩት» አለች ለራሷ። ስህተቷ ይህች ናት። ሣሩ ሲሞት ጭቃውን መጠርጠር ሲገባት እጇን ጠረጠረች፤ እጇን ስለጠረጠረች አፈረች፤ ስላፈረች ደበቀች። በሌላ ጥግ ካለው ከራሷ የወፈረ መደብ ሣር እየነቀለች አመጣችና አሥራ ሁለቱንም እንደገና ተከለች። በማግስቱ ጭቃ ሹም በጀልባ አለፈ፣ አረንጓዴ አየ፣ ጻፈ፣ እጁን አውለበለበላት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች። ሁለተኛው ሰኞም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለች ዘጠኝ ሰኞ ተከለች።

በእነዚያ ሳምንታት ያላየችው ምልክት የለም፤ ይህን በኋላ ራሷም አልካደችም። ሌላው ጥግ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ቀንድ አውጣ ተለጥፎበታል፤ እዚህ አንድም የለም። እውነተኞቹ ዳክዬዎች እየዋኙ እስከ ግንቡ ጥላ ይመጡና ልክ እንደታዘዙ ዞረው ይመለሳሉ። ዘንጓን ስትጭን ከታች ትንንሽ አረፋ ይወጣል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የብር ቀለበቷ ጠቆረ። ከቀለበቱ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት መላጥ ሲጀምር ቅባት ቀባችውና ሥራዋን ቀጠለች። ውሃው ግን ጠራ። ከሐይቁ ሁሉ እንደዚያ የጠራ ቦታ አልነበረም፤ ግንቡ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ወለሉን ቁልቁል እያዩ ያደንቁ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል። እሷም ብትሆን አንዳንዴ ዘንጓን አቁማ ታየውና፣ እናቷ ቀለበት የጣለችበትን ቀን አስታውሳ ደስ ይላት ነበር።

አሥረኛው ቆጠራ ባለፈ ማግስት ልጇ መጣች። ይህች ልጅ ከግንቡ ጀርባ ካሉት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ከባሏ ጋር ትኖራለች፣ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ነበር። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከዚህ በፊት እዚህ ደርሳ አታውቅም። እናትና ልጅ ስለ ፅንሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት፣ ጮክ ቢሉ የሚደነግጥ ይመስል።

«እማ፣ የምሥራች!» አለች ገና ከበሩ።

«ምስር ብዪ። ምን ተገኘ?»

«ከቦቴ ውሃ ልንገላገል ነው። ቧንቧ ሊገባልን ነው! ፓምፑን የት ሊተክሉት እንደሆነ ገምቺ እስቲ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«የግንቡ ጥግ! ያንቺው! ጭቃ ሹም ራሱ ነው የነገረን። በእኛ በኩል ካሉት ጥጎች አንድ ቀን እንኳ ቀይ ያልታሰረበት እሱ ብቻ ነው አለ። ውሃውንም በብልቃጥ ቀድተው ላቦራቶሪ አይተውታል፣ ንጹሕ ነው።» ልጅቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያበጠ እግሯን ከጫማው አወጣች። «እማ፣ ልጄ እኮ አያቱ ባጠራችው ውሃ ሊታጠብ ነው።»

ዳክዬ ክው ብላ ቀረች። ብልቃጡ የተቀዳው ከላይ ነው፤ ፓምፕ የሚስበው ግን ከታች ነው፣ ከዚያ ከሚሰነፍጠው።

«ምነው እማ? ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል» አለች። «እግርሽን ከፍ አድርጊው።»

በማግስቱ የፋብሪካውን ዘበኛ ልታነጋግር ሄደች። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሽማግሌው ግን «በቃዎት» ያላቸው ሰው ስለሌለ እስካሁን በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። አልጋ አለቻቸው፣ ሬዲዮ አለቻቸው፣ ወደ ሐይቁ የምታይ አንዲት መስኮት አለቻቸው።

«ጋሼ፣ ከግንቡ ሥር የተቀበረ ነገር አለ እንዴ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያየሁት የለም።»

«ጋሼ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ።»

ሽማግሌው ሬዲዮውን ዘጉ። «ሊዘጉ ሲሉ ነው» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ በርሜል ሲያወርዱ ነበር፣ የራስ ቅል የተሳለበት በርሜል። ጭቃው አንድ በአንድ ዋጠው። ያም ነጭ ዱቄት መጥቶ አለበሰው።»

«አሥራ አንድ ዓመት! ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀመጥኩ።» ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ። «አንቺስ? ይህች መስኮት ወዴት እንደምታይ ታውቂያለሽ። ሰኞ ሰኞ እየመጣሽ የሞተውን ስትነቅዪ፣ ያልሞተውን ስትተክዪ አይሻለሁ። እኔም የራሴን፣ አንቺም የራስሽን ሆድ ይፍጀው ብለናል። አሁን በምን አፍሽ ነው የምትቆጪኝ?»

ሻይ አቀረቡላት፣ ሳትጠጣው ወጣች።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሮጣ ሄዳ ተናገረች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልተናገረችም። ዘዴ አሰበች። «መትከሌን ልተው፤ ሣሩ ይሙት፤ ማክሰኞ ጭቃ ሹም ሲቆጥር ያየዋል» አለች። ሣሩም አላሳፈራትም፣ በአምስት ቀን ሞተ። ማክሰኞ ግን ጀልባው ከሩቅ ታጥፎ ሄደ። የግንቡ ጥግ አሥር ሞልቶ መዝገቡ ስለተዘጋ ከእንግዲህ አይቆጠርም።

ከዚያ ቀይ ጨርቅ አሰረች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ አሥራ ሁለቱም ችካል ላይ አሰረች። በሁለተኛው ቀን ፓምፕ ተካዮቹ መጡና ለቧንቧው መንገድ ሲያበጁ ችካሎቹን ከነጨርቃቸው ነቅለው ዳር ላይ ከመሩት። ሰዎቹ ስለ ብረት እንጂ ስለ ሣር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ጨርቁን አንዱ እጁን ጠረገበት።

ምርቃቱ ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ዕለት ወደ ቢሮው ሄደች። ቃሉን መንገዱን ሁሉ ስታጠናው ነበር፦ ሞቶ ነበር፣ ደበቅኩ፣ ከታች በርሜል አለ። ሦስት ነገር ናት፣ ከዚህ አትበልጥም። በሩን ስትከፍት ጭቃ ሹም ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ ምስማር ይመታል። የሚሰቅለው የእሷን ፎቶ ነው፤ የጎማ ሱሪዋን ለብሳ፣ ዘንጓን ይዛ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስቃ።

«እትዬ! በደህና ቀን መጡልኝ። ቀና ብሏል ወይስ ወደ ግራ አጋደለ?»

«ቀና ብሏል» አለች። «ያ የግንቡ ጥግ ጭቃ...»

«አቤት?»

«አንዴ ደግመህ ብታየው ምናለ? ለማንኛውም።»

ከወንበሩ ወርዶ በሁለት እጁ እጇን ያዘ። «አሥር ቆጠራ አልፎ እኔ ምን ላይ? ሣር አይዋሽም እትዬ። የሚዋሽ ሰው ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን ስለምታውቅ ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ የምትስቀውን ሴት አየቻት፣ ይህችን ሴት ማውረድ አቃታት። «ቅዳሜ ድረስ ጊዜ አለ» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ የድምፅ ማጉያው ይጮህ ነበር። ሰማዩ ደመና ለብሷል፣ ሐይቁ ላይ ነፋስ የለም። ከፓምፑ የወጣው አዲሱ ቧንቧ ሪባን ታስሮበት ያብረቀርቃል። ልጇ ከጎረቤቶቿ ጋር ከፊት ቆማለች፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ጆግ ይዛለች። አንድ ባለሥልጣን ብዙ ተናገረ፣ ከዚያ ጭቃ ሹም ማጉያውን ተቀበለ።

«ይህን ቧንቧ መክፈት የሚገባት አንዲት ሴት ናት» አለ። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። «እትዬ፣ ይምጡና ይክፈቱልን!»

ዳክዬ ተነሣች። ደህና ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ቧንቧው አጠገብ ደረሰች፣ አልፋው ሄደች። ዳር ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገባች።

«ዳክዬ ውሃ አየች!» አለ አንዱ፣ ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ልጇም ሳቀች፣ እናቷ የምታሾፍ መስሏት።

ውሃው ደረቷ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ጠለቀች። ስትወጣ በሁለት እጇ ጥቁር ሥር ይዛ ነበር። ዳር ላይ ወረወረችው። እንደገና ጠለቀች፣ ሌላ ጥቁር ወረወረች። በአምስተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። የሚሰማው የፓምፑ ሞተርና የእሷ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«ሞቷል!» አለች። «ዘጠኝ ጊዜ ሞቷል፣ ዘጠኝ ጊዜ ተክቼ ደብቄዋለሁ! እጄ ለምለም እንዲባል ብዬ ነው! ከታች የፋብሪካው በርሜል አለ፤ ዘበኛውን ጠይቁ!»

ጭቃ ሹም አንዱን ሥር አነሣና አሸተተ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጦ ፓምፑን አጠፋው። ከዚያ ወደ ውሃው ዳር ተመልሶ ቁልቁል አያት። «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ዳክዬ ዓይኗ ልጇ ላይ ነበር። አልተከፈተም፣ ሪባኑ እንደታሰረ ነው፣ ደርሻለሁ ትል ነበር በሆዷ። ልጅቷ ግን ጆጉን ይዛ እስከ ውሃው አፍ መጣች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን ማለትሽ ነው? ይህ እኮ ለይስሙላ ነው። ወደ ቤታችን ከሐሙስ ጀምሮ ለሙከራ ብለው ለቀውልናል። ሦስት ቀን ጠጥተናል እኮ።»

በርሜሎቹ በኋላ በክሬን ወጡ፣ አሥራ አራት ነበሩ። ቦቴው ተመለሰ። ሥራዋን ተነጠቀች፣ ፎቶዋ ወረደ፣ ምስማሩ ቀረ። ዘበኛው ክፍላቸውን ዘግተው የት እንደሄዱ አልታወቀም። ጭቃ ሹምም ቢሆን «አንድ ቱቦ ጭቃ ማውጣት ምን አቃተህ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ያ ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። ሴቶቹ ዛሬም ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ምላስ ብሎ የሚቀልድ ግን የለም።

ሐኪሟ የልጅቷን ደም መርምራ መርዙ እንዳለበት አረጋገጠች። ፅንሱ ጋ ምን ያህል እንደደረሰ ግን ለማወቅ አልተቻለም። «እንጠብቃለን» አለች። «ሁልጊዜ ጠዋት ቁርስ በልተሽ በጎንሽ ተኚና እንቅስቃሴውን ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር መሙላት አለበት። ካነሰ፣ ነገ እንዳትሉ፤ በዚያው ሰዓት ይዛችሁልኝ ኑ።»

ልጅቷ እናቷን አሥር ቀን አላናገረቻትም። በአሥራ አንደኛው ቀን አስጠራቻት። ይቅር ብላት አይደለም። ባሏ ጠዋት ሥራ ይሄዳል፣ ለብቻዋ ስትቆጥር ደግሞ ፍርሃቱ ቁጥሩን ያጠፋባታል። «ለምለም እጅ አለሽ ይሉሽ የለ» አለቻት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «አምጪውና አስቀምጪው።»

ከዚያ ጀምሮ ዳክዬ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። የጠቆረውን ቀለበት አውልቃ እጇን ልጇ ሆድ ላይ ታደርጋለች፤ ሲራገጥ በእርሳስ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ትጭራለች። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር የሚሞላው ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ትናንት ሁለት ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው አሥር የሞላው።

ዛሬ ሰዓቱ ሞላ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ከሐይቁ ወገን የክሬን ድምፅ ይሰማል። ወረቀቱ ላይ ሰባት ጭረት አለ። እጇን አላነሣችም፤ አምስት ደቂቃ ጨምራ ጠበቀች። ከመዳፏ ሥር ዝም ነው፣ እንደ ግንቡ ጥግ ዝም።

«ስንት ሆነ?» አለች ልጇ ዓይኗን እንደጨፈነች። ድምፅዋ ውስጥ ልመና አለ። አሥር በይኝ የምትል ነው የምትመስለው፣ ዛሬን በሰላም ልዋል፣ ነገ እናየዋለን የምትል። እርሳሱ በዳክዬ ጣቶች መካከል ነው። ሦስት ጭረት ምን ይከብዳል? ከዚህ የከበደ ዘጠኝ ጊዜ አድርጋለች።

እርሳሱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሰባት» አለች። «ተነሺ ልጄ፣ ጫማሽን ላድርግልሽ።»